ከማሳው በታች ያለው ጉድጓድ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው በሸለቆው ውስጥ ጥቂት ነበር። ሁሉም የሚጠራው «ዩሪያው» እያለ ነው። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት የእርሻ ባለሙያ ሆኖ እዚያ ሲመደብ መሬቱ አሸዋማ፣ በቆሎው ከሰው ወገብ የማያልፍ፣ ገበሬውም የቢሮ ሰው ሲያይ መንገድ የሚቀይር ነበር። እሱ ግን ዩሪያ የሚባለውን ነጩን ማዳበሪያ በትከሻው እየተሸከመ ከማሳ ማሳ ዞረ፤ ለመነ፣ ተከራከረ፣ ከማንም ቀድሞ ጭቃ ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ዓመት በቆሎው ከቤት ጣራ ጋር ትከሻ ተለካካ። ከዚያ ወዲያ «ዩሪያው ያስነጠሰበት ድንጋይ ይበቅላል» እየተባለ ተቀለደ። ቀልዱን ይወደው ነበር። ስልክ ሲያነሳ እንኳ «ዩሪያው ነኝ» ይላል።

ምክሩን ከሁሉም ቀድማ የተቀበለችው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ያገባች ታላቅ እህቱ ነበረች። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት፣ እሷ የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። አዝላ ያሳደገችው፣ ደብተሩን የሸፈነችለት፣ ሲታመም ከራስጌው ያልተለየችው እሷ ናት። ተምሮ ሲመጣ ታዲያ እሱ የተናገረው ሁሉ ለእሷ ሕግ ሆነ። ባሏ እጁ እንጂ አፉ የማይሠራ ዝምተኛ ገበሬ ነው፤ አንዳንዴ «አሁንስ አልበዛም?» ብሎ ቢያመነታ፣ «ወንድሜ ካለ አለቀ!» ትለዋለች። ነገሩም እዚያው ላይ ያልቃል።

ወንድሟ ያለው ይህን ነበር፦ ሲዘራ አንድ ጊዜ፣ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ አንድ ጊዜ። ከባድ ዝናብ በጣለ ዓመት ደግሞ፣ «ዝናቡ አጥቦታል፣ ድገሙት።» ደገሙት። የታጠበው ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እሱ ራሱ ኮሌጅ ሳለ ተምሮታል፤ ፈተና ላይም ጽፎ ሙሉ ነጥብ አግኝቶበታል። በቆሎው ካማረ በኋላ ግን ትዝ አላለውም።

የእህቱ ቤተሰብ የሚጠጣው ከማሳው በታች፣ ተዳፋቱ ከሚያልቅበት ላይ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ጥልቅ አይደለም፤ በስምንት ክንድ ገመድ ባልዲው ውሃ ይነካል። ውሃው ጥርት ያለና ቀዝቃዛ ነበር። ያለፈ ያገደመ መንገደኛ ሁሉ እየጠጣ ይመርቃቸዋል።

እህቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጅ አልወለደችም። ሐኪም ቤት ተመላልሳ፣ ደክሟት፣ ነገሩን እርግፍ አድርጋ ትታ፣ «እኔ የወለድኩት አንተን ነው፣ እሱም ክፉ ልጅ ወጣኝ» እያለች ወንድሟን ስታሾፍበት ኖረች። ከዚያ በአርባ ሦስት ዓመቷ አረገዘች። ዩሪያው ወሬውን ሲሰማ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ እንባው መጣ። ሴት ልጅ ተወለደች። ባልና ሚስቱ በስም መስማማት አቅቷቸው ሲከራከሩ ሕፃኗ «ሚጣ» እንደተባለች ቀረች።

በአምስተኛው ሳምንት የእናትየው ጡት አበጠ፣ መገለ፣ ትኩሳት አልጋ ላይ ጣላት። ሲሻላት ወተቱ ደርቆ ነበር። ዩሪያው ከከተማ የዱቄት ወተት በቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውንም እያነበበ አስረዳት።

«ውሃውን አፍልተሽ ነው የምትበጠብጭው፣ እትዬ። ሳይፈላ እንዳትሰጫት። በደንብ ይፍላ።»

«አንተ ደግሞ! አሁን ማፍላት ልታስተምረኝ ነው?» ብላ ሳቀችበት።

ግን አፈላች። እህቱ አንድ ነገር ከያዘች ከልቧ ነው። ጠዋት ድስቱን ትጥዳለች፣ ሲንተከተክ ቆይቶ ውሃው ግማሽ እስኪደርስ ትጠብቃለች። ለጥንቃቄ ነው። ከዚያ አቀዝቅዛ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ ለልጇ ትበጠብጥላታለች። ያንን ድስት ባሏም ቢሆን እንዲነካው አትፈቅድም ነበር።

በሦስተኛው ወር የሚጣ ከንፈር መጠቋቆር ጀመረ። አመድ የነካው ሰማያዊ ዓይነት ሆነ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ብርድ ነው፣ ሸፍኗት» አለች። ሸፈኗት። በማግስቱ ጥፍሮቿም ከንፈሯን መሰሉ፤ ማልቀስ ተወች፤ ጡጦዋን እየጠባች መሀል ላይ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። ዩሪያው የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለምኖ ከእናቷ ጋር ወደ ከተማው ሆስፒታል ይዟት በረረ።

ሐኪሟ እጀ ፈጣን ወጣት ሴት ነበረች። ከሕፃኗ ክንድ ደም ስትቀዳ ግን ቆም አለች። መርፌው ውስጥ የገባው ደም ቀይ አልነበረም፤ እንደ ተቃጠለ ስኳር ቡናማ ነበር።

«ምን ውሃ ነው የምትጠጣው?»

«የጉድጓድ ነው፣ ዶክተር» አለ ዩሪያው። «ግን አፍልተን ነው የምንሰጣት።»

«ጉድጓዱ የት ነው ያለው?»

«ከበቆሎው ማሳ በታች።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። ጃኬቱ ደረት ላይ የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ አርማ ተሰፍቷል።  ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት በዚያ ሆስፒታል አልነበረም። ወደ ሌላ ከተማ ተደወለ፣ መኪና ተላከ። መድኃኒቱ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ደረሰ። ሚጣ ያረፈችው ረፋዱ ላይ ነበር።

ሲወጡ ሐኪሟ ዩሪያውን ለብቻው ጠራችው። «ውሃውን አስመርምር። ውጤቱን ለእኔም ላክልኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ማወቅ አለበት» አለችው። እሺ አለ። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ራሱ ከጉድጓዱ ቀድቶ፣ ጠርሙሱ ላይ ቀኑን ጽፎ ወደ ላቦራቶሪ ላከ።

የውሃው ውጤት ወረቀት ከቀብሩ በአስራ ሁለተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ደረሰ። አንድ ገጽ ነው። በመሀሉ «ናይትሬት» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት አንድ ቁጥር አለ፤ ለመጠጥ ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ ያለፈ። ናይትሬት ማለት ማዳበሪያው አፈር ውስጥ ሟሙቶ በመጨረሻ የሚሆነው ጨው ነው። በቆሎ ይበላዋል፤ በቆሎ ያልበላውን አሸዋ አይዘውም፣ ከውሃ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። አዋቂ ሰው ቢጠጣው ወዲያው አይታወቀውም። የሦስት ወር ሕፃን ግን ደሟ አየር መሸከም ያቅተዋል።

ዩሪያው ወረቀቱን አራት ጊዜ አነበበው። ቀጥሎ ሐሳቡ ወደ በረቱ ሄደ። እህቱ አምስት ላሞች አሏት፤ ፍግም ይህንኑ ጨው ይሰጣል። ለአንድ አፍታ ትንፋሽ አገኘ። ግን እሱ ይህን ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነው፦ አምስት ላም በአንድ ወገን፣ የአስራ አንድ ዓመት ማዳበሪያ በሌላ ወገን። የራሱ ሒሳብ ራሱን አልሸነግል አለው። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ቆለፈበት። ለሐኪሟም አልላከላትም።

ጨርሶ ዝም አላለም፤ እሱም ቢሆን ሰው ነው፣ ሌላ ልጅ እንዲሞት አይፈልግም። በዚያው ቀን ሄዶ ጉድጓዱን በእንጨት አስከደነው፤ በሸለቆው ቤት ለቤት ዞሮም ሕፃን ያላችሁ የጉድጓድ ውሃ እንዳታጠጡ፣ ሩቅም ቢሆን ከመንገዱ ዳር ቧንቧ ቅዱ አለ። ሰው «ለምን?» ሲለው አፉ የመጣለትን ተናገረ። «ጀርም ተገኝቶበታል።»

እህቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሰማችው።

«ጀርም?» አለች። «አፍልቼው ነበር እኮ።»

ዓይኑን ወደ ተከደነው ጉድጓድ አዞረ።

«እንግዲያ በደንብ አላፈላሁትም ማለት ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ ዝግ ብላ። «አንድ ቀን ቸኩዬ ይሆናል። አንድ ቀን ሳይፈላ አውጥቼው ይሆናል።»

«አይደለም፣ እትዬ» ማለት ነበረበት። ሁለት ቃል ነው። አላለም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ፤ ታስሮ የነበረውን ጫማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቤት እንፋሎት ሆነ። እህቱ የማታፈላው ነገር ጠፋ። የሚጠጣውን፣ የሚታጠቡበትን፣ ለላሞቹ የሚቀርበውን ሳይቀር ታፈላለች። እሳቱ አይጠፋም፤ ግድግዳው ወዝቶ ቀለሙ መላጥ ጀመረ፤ እጇ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ ሳይድን በላዩ ላይ ይደገማል። ዩሪያው በየሳምንቱ ይሄዳል፣ ሻይ ታቀርብለታለች፣ ስኒውን በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ ካለቀለቀች በኋላ። ተቀምጦ ይጠጣል። ከንፈሯን እያየ ይጠጣል። ከንፈሯ ሁልጊዜ ሲንቀሳቀስ ነው፤ ቀኖቹን አንድ በአንድ እያነሳች የቱ ቀን እንደቸኮለች ስታስብ።

አንድ ጠዋት ባሏ ቢሮ ድረስ መጣ። ወንበር ሲሰጠው አልተቀመጠም።

«እህትህ ልትጠፋብኝ ነው» አለ። «አንተ ካናገርካት ትሰማሃለች። የአንተን ቃል ትሰማለች።»

«ጊዜ ያሽረዋል፣ ጋሼ» አለ ዩሪያው።

አማቹ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ዩሪያው በዚያ ሰሞን ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ወደ ምርምር ጣቢያ ጻፈ፣ ለበላይ ጽሕፈት ቤት ጻፈ፣ ሰው ላከ፣ ደጅ ጠና። ቀስ እያለ የሚለቅ ማዳበሪያ እንዳለ ያውቃል፤ ፍሬው በስስ ሽፋን የተለበጠ፣ ለአሸዋማ መሬት የሚሆን። ለሙከራ ጥቂት ከረጢት አገኘ። አለቃው «የማን ማሳ ላይ ነው የምትሞክረው?» ሲለው ሳያስብ «የእህቴ» አለ።

ሚጣ ከሞተች ስምንት ወር አልፎ የመዝሪያ ጊዜ ደረሰ። ገበሬዎቹ ከረጢቱን እያዩ «ይሄ ደግሞ ዝግተኛው ነው!» ብለው ስም አወጡለት። ዩሪያውና አማቹ ጎን ለጎን ሆነው ጉድጓድ ጉድጓድ እያበጁ፣ ዘሩን ከአንድ በኩል ማዳበሪያውን ከሌላ በኩል እየቀበሩ ሄዱ። ረፋዱ ላይ እህቱ የመጠጥ ውሃ በጀሪካን ይዛ መጣች። ከሐዘኑ ወዲህ ማሳው ላይ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር። የተፈላ ውሃ ነው፤ ገና አልቀዘቀዘም።

ከከረጢቱ እፍኝ አነሳችና መዳፏ ላይ አንከባለለችው።

«ይሄ ምንድነው? እንደ ዶቃ ያብረቀርቃል።»

«ያው ማዳበሪያ ነው፣ እትዬ። ሽፋን አለው። ሽፋኑ ውሃ ቀስ እያለ ያስገባል፤ ውስጡ ያለውን በሦስት በአራት ወር ቀስ እያለ ይለቀዋል። በቆሎው በሚበላው ልክ።»

«የድሮውስ?»

«የድሮው ዝናብ ሲነካው ባንዴ ይሟሟል። በቆሎው የቻለውን ይወስዳል፤ የቀረው…»



«የቀረውስ?»

«ከውሃው ጋር ይወርዳል።»

«ወዴት ነው የሚወርደው?»

  ዓይኗ ተዳፋቱን ተከትሎ ቀስ እያለ ወረደ፤ የበቆሎውን መደብ፣ አጥሩን፣ ከአጥሩ በታች በእንጨት የተከደነውን ጉድጓድ አየ፤ እዚያው ቀረ።

«ጀርም አልነበረም» አለች።

«አልነበረም።»

«ይሄ ነው?»

«እሱ ነው፣ እትዬ።»

አማቹ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። እህቱ መዳፏ ላይ ያለውን ፍሬ በጣቷ አገላበጠችው።

«ታዲያ ማፍላቱስ?»

እዚህ ላይ ሊዋሽ ይችል ነበር። ማፍላቱ አይጠቅምም አይጎዳም ቢላት፣ ማንም አይከሰውም ነበር፣ ምናልባትም ምሕረት ይሆንላት ነበር። ግን ስምንት ወር የዋሸ አፍ ደክሞት ነበር፤ እሷም ፊቱን ትኩር ብላ እያየችው ነው።

«ማፍላት አያወጣውም። ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ እሱ ግን እዚያው ይቀራል። ውሃው ሲያንስ እሱ… ይበረታል።»

«ግማሽ እስኪደርስ ነበር የማፈላው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ።» ፍሬውን ወደ ከረጢቱ መለሰችው፤ እጇ ላይ የተጣበቀውንም አራግፋ። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ወረቀቱ በአስራ ሁለተኛው ቀን መጣ።»

«ስምንት ወር» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «ስምንት ወር ሙሉ ያንን ቀን ስፈልግ፣ የቸኮልኩበትን ቀን ስፈልግ፣ አንተ ፊቴ ተቀምጠህ ሻይ ትጠጣለህ።»

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች። አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም። ዩሪያው ሊከተላት አንድ እርምጃ ሲራመድ አማቹ በእጁ መለሰው። ሰውዬው ሰማዩን አየ፣ የተከፈተውን የዘር ከረጢት አየ። «ዝናብ እየመጣ ነው፤ የጀመርነውን እንጨርስ» አለና እንደገና አጎነበሰ። ሁለቱ እስከ መደቡ መጨረሻ ዘሩ። ሲጨርሱ አማቹ አፈሩን ከእጁ አራገፈ።

«ነገ አትምጣ» አለው።

በዚያ ቀን እህቱ እሳቱን አጥፍታ ድስቱን አውጥታ እንደጣለችው በኋላ ከጎረቤት ሰማ።

በቆሎው በቀለ፤ ግን የመጀመሪያውን ወር ቀጨጨ። አፈሩ ገና ቀዝቃዛ ስለነበር ማዳበሪያው ለመልቀቅ ዘገየ፤ ቅጠሉ ገረጣ፣ የጎረቤቶቹ ግን በነጩ ማዳበሪያ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይወዛወዛል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አፉን ያሽሟጥጣል። አማቹም ፈራ፤ አንድ ጠዋት የድሮውን ከረጢት ተሸክሞ ወደ ማሳው ሲወርድ ሚስቱ አጥሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው ይባላል። ምን እንዳለችው የሰማ የለም። ከረጢቱን ተሸክሞ ተመለሰ።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ የገበሬዎች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ዩሪያው ስለ አዲሱ ማዳበሪያ እንዲያስረዳ ነው። አስረዳ፦ አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ከረጢቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ምርቱ ብዙ አይጎድልም። ስለ ውሃው አንድም ቃል አላነሳም። ከመሀል አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ ተነሳ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፣ እውነት ነው። ግን እስኪሄድ እኛ ምን እንብላ? የእህትህን በቆሎ አየነው እኮ፣ ልጄ! ወባ የያዘው ይመስላል።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። «ዩሪያው ዩሪያን ካደ!» አለ ሌላው፣ ሳቁ እንደገና ተነሳ። ዩሪያው እጁን አንስቶ ዝም ሊያሰኛቸው ሲሞክር ሳቁ ከኋላ በኩል እየከሰመ መጣ። እህቱ ቆማ ነበር።

«የእኔን ልጅ ቀብራችኋታል» አለች። «ጀርም ነው ተብላችኋል፣ እኔም ተብያለሁ። ጀርም አይደለም። ከማሳችን የወረደው ማዳበሪያ ነው። የእናንተም ጉድጓድ ከማሳችሁ በታች ነው። አፍሉት ቢሏችሁ አታፍሉት፤ ይብሳል። እኔ አፍልቼዋለሁ።» ተቀመጠች።

አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ተነስታ ወጣች። ሽማግሌው አልተቀመጠም፤ ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

«ድገሙት፣ ድገሙት ሲለን የኖረው ታዲያ ማን ነው?»

የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ዞረ። ዩሪያው እጁ ላይ የያዘውን ወረቀት የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«እኔ ነኝ» አለ። «የውሃው ውጤትም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከባለፈው ዓመት ጀምሮ።»

የጮኸበት የለም። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። አንድ በአንድ ወንበራቸውን እየገፉ ወጡ።

ከዚያ የሆነው በአጭሩ እንዲህ ነው። ወረቀቱን ለሐኪሟ ላከላት፤ በሁለት መስመር «ዘግይተሃል» የሚል መልስ ጻፈችለት፣ በዚያው ሳምንትም ሰው ልካ የሸለቆውን ጉድጓዶች አስመረመረች። ሌሎች አራት ጉድጓዶች ተከደኑ። መሥሪያ ቤቱ ዩሪያውን ከገበሬ ማማከር አነሳው፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው በየወሩ እየዞረ የጉድጓድ ናሙና መቅዳት ነው። የእህቱ በቆሎ በሦስተኛው ወር ነቃ፣ ቀጥ አለ፣ ጥሩ አፈራ፤ ከቀድሞው ትንሽ አነሰ። በቀጣዩ ዓመት ከሸለቆው ገበሬ ግማሽ ያህሉ ወደ ዝግተኛው ዞረ። ግማሹ በነጩ ቀጠለ፤ የእነሱ ልጆች አድገዋል።

አሁን ዩሪያው ወደ እህቱ ግቢ የሚገባው በወር አንድ ቀን ነው፤ ወደ ቤቱ አይደለም፣ ወደ ጉድጓዱ። ባለፈው ክዳኑን አንስቶ ባልዲውን ሲያወርድ ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። እህቱ ነበረች። እጇ ድኗል፤ ጠባሳው ግን እስከ ክንዷ ይታያል። ከጥቂት እርምጃ ርቃ ቆመች።

«ቀነሰ?» አለች።

«ትንሽ፣ እትዬ። ትንሽ ነው የቀነሰው። ማሳው ላይ ብናቆመውም አፈሩ ውስጥ ያለው ገና እየወረደ ነው።»

«ስንት ዓመት ይፈጅበታል?»

«አስር። ምናልባት ከዚያም በላይ።»

ራሷን ነቀነቀች። ወደ ሰማዩ አየች፤ በምዕራብ በኩል ጠቁሯል።

«እንግዲያ ቶሎ ጨርሰው ይሂዱ» አለችው። «ዝናቡ ደርሷል፤ መንገድ ላይ እንዳይዝዎት።»

ዩሪያው መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተናገረች መስሎት ዞር ብሎ አየ። ከሁለቱ በቀር ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። በሕይወቱ ሙሉ ከእሷ አፍ ከ«አንተ» በቀር ሌላ አጠራር ሰምቶ አያውቅም። እሷ ወደ ቤቷ ተመልሳ በሩን ገርበብ አደረገች። እሱ ጠርሙሱን ሞላ፣ ክዳኑን አጠበቀ፣ ቀኑን ጻፈበት፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጽሑፉን እንዳያጠፉበት ጃኬቱ ውስጥ ከቶ በአጥሩ በር ወጣ።